ለላፍቶ ፀሐይ የሚሆን ሞኒተር

ጥር ሲገባ ከሳር ቤት እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ ባሉት መንገዶች ቅዳሜና እሁድ የሰርግ አጀብ ሳያጋጥም መንዳት ያስቸግራል። ከሙሽሮቹ ፊት በሚሄደው መኪና ላይ ካሜራ የያዘ ወጣት ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይቀርጻል። ሰማዩ የጠራ ነው፤ ሰዓቱ ለቀትር ተጠግቷል፤ ሙሽራዋ ነጭ፣ ሙሽራው ጥቁር ለብሰዋል። የካሜራው ባለ ሦስት ኢንች ስክሪን በዚህ ብርሃን አጥርቶ የሚያሳየው ነገር ቢኖር የቀራጩን የራሱን ፊት ነው። ፎከሱ ሙሽራዋ ላይ ይሁን ከኋላዋ ባለው መስታወት ላይ የሚታወቀው ማታ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ነው። ያኔ ደግሞ ሙሽሮቹን መልሶ መቅረጽ አይቻልም።

ከካሜራው ውጪ የሚገጠመው ፊልድ ሞኒተር የተሠራው ለዚህ ችግር ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰርግ የሚቀርጸውም፣ የመዝሙር ክሊፕ የሚሠራውም፣ ለዩቲዩብ ድራማ የሚያዘጋጀውም ዛሬ ከአምስት ኢንች ጀምሮ በየዋጋው ሊመርጥ ይችላል። ገዢውን ቶሎ የሚማርከው የስክሪኑ ስፋትና በካርቶኑ ላይ በጉልህ የተጻፈው 4ኬ ነው። ለአዲስ አበባ ቀራጭ ግን ሁለቱም ከመጨረሻዎቹ ጉዳዮች ይመደባሉ። የሚቀድመው ስክሪኑ ፀሐይ ላይ መነበቡ ነው። ከዚያ ምን እንደሚለካ ይታያል፤ ከዚያም ገመዱና ባትሪው።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ተቀምጣለች። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 23 አካባቢ፣ በትክክል አናት ላይ ትሆናለች። የነሐሴው በክረምት ደመና ይሸፈናል። የሚያዝያው ግን ጾሙ ተፈትቶ ሰርግ ከሚጦፍበት ወቅት ጋር ይቀራረባል። ቀትር ላይ ያለ ደመና የሚወርደው ብርሃን 100,000 ሉክስ ገደማ ይደርሳል። በዚህ ብርሃን ውስጥ የቆመ ነጭ ነጠላ ከ25,000 ኒት የማያንስ ብርሃን መልሶ ይረጫል። ኒት የስክሪን ድምቀት የሚለካበት አሃድ ነው፤ ተራ ላፕቶፕ ከ300 እስከ 400 ኒት ይሰጣል። በነጠላውና በላፕቶፑ መካከል ያለው ልዩነት ሞኒተር የሚገዛ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ቁጥር ነው።

እስከ 500 ኒት የሚደርስ ሞኒተር ለስቱዲዮ፣ ለአዳራሽና ለቃለ መጠይቅ ይበቃል። 1,000 ኒት ጥላ ሥር በደንብ ይሠራል፤ ሜዳ ላይ ግን ፀሐይ የሚከልል ኮፈን ይፈልጋል። ያለ ኮፈን ፀሐይ ላይ ለመሥራት 2,000 ኒትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። የአውስትራሊያው አቶሞስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ኒንጃ 5 እና በ2019 ያወጣው ሺኖቢ 1,000 ኒት ናቸው። የቻይናዎቹ ፊልወርልድ ላት7 እና ፖርትኪስ ቢኤም5 በሦስተኛ እትሙ 2,200 ኒት፣ የብላክማጂክ ቪዲዮ አሲስት 12ጂ 2,500 ኒት፣ የአሜሪካው ስሞልኤችዲ አልትራ 5 ደግሞ 3,000 ኒት ይባልላቸዋል። ይባልላቸዋል ማለቱ ተገቢ ነው፤ ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ነውና። ድምቀት ደግሞ በነፃ አይመጣም። ባትሪ ይበላል፣ ስክሪኑን ያሞቃል፤ አንዳንዱ ሞኒተር ሲግል ድምቀቱን በራሱ ይቀንሳል፣ ሌላው ማራገቢያውን ያስነሳል። ማራገቢያው ቃለ መጠይቅ ላይ ማይክ ውስጥ ይገባል።

ቀራጩ የሚቀርጸውን ነገር በሌላ ስክሪን ላይ ማየት የጀመረው ከዲጂታል በፊት ነው። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ጄሪ ልዊስ እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው ዘ ቤልቦይ በተሰኘ ፊልሙ፣ ራሱ እየተወነ ራሱን ለማየት ከፊልም ካሜራው ጎን የቪዲዮ ካሜራ አስሮ እንደሠራ ብዙ ጊዜ ይነገራል። በፊልም ዘመን ግን ሞኒተሩ የሚያሳየው የሾቱን ቅንብርና ትወናውን ብቻ ነበር፤ የብርሃኑ መጠን ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ነው። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 ለዕይታ የበቃ ቢሆንም የተቀረጸው በ35 ሚሊሜትር ፊልም በመሆኑ በዚሁ ሥርዓት ያለፈ ሥራ ነው።

ሰርግ ቀራጩን ወደ ሞኒተር የገፋው ሌላ ካሜራ ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው 5ዲ ማርክ ቱ በፎቶ ካሜራ አካል ውስጥ የሲኒማ መልክ ያለው ቪዲዮ አመጣ፤ የፎከሱ ጥልቀት ግን ከበፊቱ የቪዲዮ ካሜራ እጅግ ያነሰ ሆነ። ሙሽራዋ ግማሽ እርምጃ ወደፊት ስትራመድ ፎከሱ ጥሏት ይቀራል። ይባስ ብሎ ያ ካሜራ መቅረጽ ሲጀምር በኤችዲኤምአይ የሚልከው ምስል ጥራቱ ወደ 480 መስመር ይወርድ ነበር፤ ሞኒተር ያስፈለገው ሰው ሞኒተሩ በሚጠቅምበት ሰዓት ላይ ይቀጣ ነበር ማለት ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት ካሜራዎች ይህን ችግር ደረጃ በደረጃ አቃለሉት።

ፎከስ የገዢው የመጀመሪያ ምክንያት ቢሆንም የሞኒተሩ ትልቁ ጥቅም ኤክስፖዠር ላይ ነው። ዓይን በስክሪን ላይ የሚያየውን ብርሃን ሲገምት ይሳሳታል፤ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ደማቅ፣ ፀሐይ ላይ ሁሉም ጨለማ ይመስለዋል። ዜብራ፣ ዌቭፎርምና ፎልስ ከለር ግን የአካባቢው ብርሃን አያታልላቸውም። ዜብራ ከተወሰነ የብርሃን ደረጃ በላይ ያለውን ቦታ በሰያፍ መስመር ይሸፍናል። ዌቭፎርም ምስሉን ከግራ ወደ ቀኝ በግራፍ ያሳያል፤ ታች 0፣ ላይ 100 ነው። ፎልስ ከለር እያንዳንዱን የብርሃን ደረጃ በራሱ ቀለም ይቀባዋል፤ የተቃጠለው ቦታ በአብዛኛው ቀይ፣ በጨለማ የጠፋው ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ይሆናል።

እዚህ ላይ ከውጭ የመጣ አንድ ልማድ መፈተሽ አለበት። በብዙ መመሪያ ላይ የሰው ፊት በዜብራ 70 ላይ ይሁን ይባላል። ይህ ቁጥር ነጭ ቆዳን መነሻ ያደረገ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ኮዳክ ለአሥርተ ዓመታት የቀለም ማስተካከያ አድርጎ ለፎቶ ቤቶች ያሰራጨው ሸርሊ የሚባለው ካርድ የነጭ ሴት ምስል ነበር። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት በ70 ላይ ሲቀመጥ ቆዳው ይገረጣል፣ ላብ የያዘው ግንባር ይቃጠላል፤ የሙሽራዋ ነጠላ ደግሞ ጥለቱን ጨምሮ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ብዙ ልምድ ያለው ቀራጭ ጠይሙን ፊት እንደ ቆዳው ከ40 እስከ 60 ባለው ውስጥ አስቀምጦ፣ ነጩ ልብስ 95 እንዳያልፍ ይጠብቃል። ሙሽሪት ቀይ፣ ሙሽራው ጥቁር፣ ሚዜዎቹ በመካከል ሲሆኑ ይህን በዓይን መገመት አይሞከርም። ስለዚህ ፎልስ ከለር የሌለው ባለ ሰባት ኢንች ሞኒተር፣ ያለው ባለ አምስት ኢንች ከሚሰጠው ጥቅም ግማሹን አይሰጥም።

በሎግ፣ ማለትም ቀለሙን ሆን ብሎ አደብዝዞ በሚይዝ ሁነታ፣ ለሚቀርጽ ሰው ላት የሚባለውን የቀለም መቀየሪያ ፋይል መጫን መቻሉም ይታያል። የሶኒ ኤስ-ሎግ3 ወይም የካኖን ሲ-ሎግ ምስል ስክሪን ላይ አመድ የመሰለ ሆኖ ይመጣል፤ ደንበኛው ከኋላ ቆሞ ሲያየው ካሜራው የተበላሸ ይመስለዋል። ላት ለዕይታ ብቻ ቀለሙን ይመልሰዋል። ፎልስ ከለሩ የሚለካው ላቱ ከመጫኑ በፊት ያለውን ምስል ይሁን በኋላ ያለውን ግን በየሞዴሉ ይለያያል። ይህን ያላጣራ ሰው በተሳሳተ ቁጥር ቀኑን ሙሉ ይሠራል።

ገመዱ የሚሰበረው ክፍል ነው። ሶኒ ኤ7 ሶስተኛው እና ካኖን አር6 ያላቸው ማይክሮ ኤችዲኤምአይ የሚባለው ጠባብ ቀዳዳ ነው፤ በጭፈራ መሃል አንድ ክርን ገመዱን ቢስበው ቀዳዳው ከካሜራው ቦርድ ይላቀቃል፤ ጥገናው ደግሞ ርካሽ አይደለም። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ኤ7ኤስ ሶስተኛው ላይ ትልቁን ቀዳዳ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠባቡ ያለው ካሜራ ኬጅ የሚባል ማቀፊያና የገመድ መቆንጠጫ ይፈልጋል፤ የመቆንጠጫው ዋጋ ከጥገናው ጋር አይወዳደርም። ኤስዲአይ የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ገመድ ተጠምዝዞ ይቆለፋል፤ ኤችዲኤምአይ ከአሥር ሜትር በላይ ሲሄድ መንገዳገድ ሲጀምር እሱ በሙሉ ኤችዲ ብዙ አሥር ሜትሮችን ይዘልቃል። ኤስዲአይ ያለው ካሜራ የሚይዝ ሰው አንድ ደንብ ይጠብቅ፤ ካሜራውና ሞኒተሩ ከአንድ ባትሪ ሲመገቡ መጀመሪያ የኃይል ገመዱ፣ ቀጥሎ ኤስዲአዩ ይሰካል፤ ሲነቀል በተቃራኒው። ተገላቢጦሹ የኤስዲአዩን ቺፕ ሊያቃጥል ይችላል።

በባትሪ በኩል ሶኒ ለድሮ ካሜራዎቹ ያወጣው ኤንፒ-ኤፍ የዓለም ቋንቋ ሆኗል፤ ከሞኒተር እስከ ኤልኢዲ መብራት ሁሉም ይቀበለዋል። ትልቁ ኤፍ970 ወደ 47 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ 10 ዋት የሚበላን ባለ አምስት ኢንች ሞኒተር ከአራት ሰዓት በላይ ያቆየዋል። ጥሎሹን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ አዳራሹንና ፎቶውን አንድ ላይ ለሚቀርጽ ሰው ሁለት ይበቃሉ፣ ሦስት ቢሆኑ ይሻላል። የርካሽ ቅጂዎች ችግር በላያቸው የተጻፈው ቁጥር ከሚይዙት መብለጡ ነው። ከዱባይ ወይም ከጓንጁ በሻንጣ ለሚያመጣ ደግሞ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም፤ ከ100 ዋት-ሰዓት ያለፈው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል።

ስፋትና ጥራት ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። 5.5 ኢንች ላይ የተዘረጋ ሙሉ ኤችዲ በአንድ ኢንች 400 ነጥብ ገደማ ይሆናል፤ በክንድ ርቀት የቆመ ዓይን ከዚያ በላይ አይለይም። ካርቶኑ ላይ ያለው 4ኬ ደግሞ በአብዛኛው የሚናገረው ስለሚቀበለው ምስል ነው፤ ስክሪኑ ራሱ ኤችዲ ነው። በሚቀበለው ውስጥም ልዩነት አለ። ርካሾቹ 4ኬን በሰከንድ እስከ 30 ፍሬም ብቻ ይቀበላሉ፤ ካሜራው 60 ሲልክ ስክሪኑ ይጠቁራል። ሰባት ኢንች የሚያስፈልገው ትራይፖድ ላይ ለሚሠራና ዳይሬክተር ከጎኑ ለሚቆምለት ነው፤ ጊምባል ላይ ግን ሚዛን ያዛባል።

የሚቀርጽ ሞኒተር፣ እንደ ኒንጃ 5 ያለው፣ ለሰርግ አይመከርም። ፕሮሬስ 422 ኤችኪው የሚባለው ቅርጸት በ4ኬና በሰከንድ 25 ፍሬም በአንድ ሰዓት ወደ 330 ጊጋባይት ይፈጃል፤ የአሥር ሰዓት ሰርግ ከሦስት ቴራባይት ያልፋል። ለማስታወቂያና ለክሊፕ ግን ዋጋ አለው። ለዳይሬክተር ምስሉን ያለ ገመድ የሚያስተላልፈው የሆሊላንድ ማርስ ኤም1 ሞኒተርና አስተላላፊን በአንድ አካል ይዟል፤ 5.5 ኢንች፣ 1,000 ኒት ነው። አቅም ለሚያንሰው ስልክም ያገለግላል፤ አክሱን ሲሞ የኤችዲኤምአይ ምስልን ወደ አይፎን ያስገባል፤ የዩኤስቢ መቀበያ ያለው አንድሮይድም ሊሠራ ይችላል። የስልኩ ድክመት የምስሉ ትንሽ መዘግየትና በጥሪ መቋረጡ ነው።

ዋጋው በብር ሲቆጠር የሐምሌ 2016ቱን የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ማስታወስ ይገባል። ሲወጣ 399 ዶላር የተባለው ሺኖቢ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 23 ሺህ ብር አይሞላም ነበር፤ ዶላሩ 120 ሲደርስ 48 ሺህ ተጠጋ፤ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሳይጨመር። ያገለገለ ዕቃ ገበያው በቴሌግራም የደራው፣ ኪራይ ቤቶችም የሚፈለጉት ስለዚህ ነው። ያገለገለ ሞኒተር የሚገዛ ሰው የራሱን ካሜራና ገመድ ይዞ ይሂድ። ካሜራውን 4ኬ 60 ላይ አድርጎ ያገናኘው፤ ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁር ምስል አሳይቶ የሞተ ነጥብ ይፈልግ፤ ገመዱን ቀዳዳው ውስጥ በቀስታ ነቅነቅ ያድርገው። ከዚያ ድምቀቱን እስከ ጥግ ከፍቶ ለሃያ ደቂቃ ይተወው፤ ጀርባው ምን ያህል እንደጋለ በእጁ፣ ማራገቢያው ምን ያህል እንደሚጮህ በጆሮው ይለካ፤ ከሱቁም ይዞት ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይየው። ሻጩ ከበር እንዳይወጣ ከከለከለው ያንኑ ሞዴል ከኪራይ ቤት ለአንድ ቅዳሜ ተከራይቶ ለቡ ሜዳ ላይ መሞከር ይሻለዋል።