ሴቷ ቡችላ ለምን ትጣላለች?

ሰሜን ወሎ፣ ሐራ ላይ ቡችላ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ወንድ ነው?» ብሎ ነው። ሴቶቹ ፈላጊ ስለማያገኙ መንገድ ዳር ይጣላሉ። የእኔን ግቢ የምትጠብቀው ግን ሴት ናት፤ «እንዴት ቻልካት?» የሚለኝም አይጠፋም። አስመክኛት ነው።

ሴት ውሻ የምትጠላው ጥበቃ ስለማትችል አይደለም። ድራት ላይ፣ ማለትም ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ ላይ፣ ስትሆን የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ አጥር ጥሶ ይገባል፣ ሌሊቱን ሲናከስ ያድራል። ከ63 ቀን ገደማ በኋላ ደግሞ ተቀባይ የሌላቸው ቡችሎች ይወለዳሉ። ማምከን ሁለቱንም ያስቀራል፦ ሐኪሙ በማደንዘዣ አስተኝቶ እንቁላል ማፍሪያዋንና ማህፀኗን ያወጣል። ወይፈን ማኮላሸት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በሴት ውሻ ሲሆን ግን እንግዳ ነገር ይመስለናል።

መቼ? አብዛኞቹ ውሾች ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ የመጀመሪያውን ድራት ያያሉ፤ ከዚያ በየ6 ወሩ ገደማ ይመለስባቸዋል። ከመጀመሪያው ድራት በፊት የመከነች ውሻ በጡት ዕጢ የመያዝ ዕድሏ በጣም ይቀንሳል። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉት ትላልቅ ዝርያዎች ግን አጥንታቸው እስኪጠና ቢቆዩ ይመከራል። ድራት ላይ እያለች ደም ስሮቿ ስለሚያብጡ ቀዶ ጥገናው ለሌላ ጊዜ ቢተላለፍ ይሻላል።

ያልመከነች ውሻ ዕድሜዋ ሲገፋ ማህፀኗ መግል ሊቋጥር ይችላል። ድራቱ ካለፈ ከ1 ወር እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ ውኃ አብዝታ ከጠጣች፣ ምግብ ከተወች፣ ካስመለሳት ወይም ከብልቷ ፈሳሽ ከወጣ ያንኑ ቀን ሐኪም ጋ ውሰዷት፤ ሕመሙ ሊገድላት ይችላል። «የእርግዝና መከላከያ መርፌ አስወጓት» የሚለው ምክርም ይህንኑ ሕመም ያባብሳል፤ የመርፌው ሆርሞን የማህፀኗን ግድግዳ አወፍሮ ለተህዋስ ያመቻቻል።

ማምከኑስ ጉዳት የለውም? አለው። አንዳንዶቹ ሲያረጁ ሽንት ያመልጣቸዋል፤ ብዙዎቹም ምግባቸው ካልተቀነሰ ይወፍራሉ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን እንዳትሮጥና ቁስሉን እንዳትልስ መጠበቅ የባለቤቷ ሥራ ነው።

በአካባቢያችን የእንስሳት ሐኪም ሥራው በአመዛኙ ከብትና በግ ነው። ስለዚህ መርሳም ሆነ ወልድያ ከመሄዳችሁ በፊት ማደንዘዣና ቀዶ ጥገና መኖሩን ደውላችሁ ጠይቁ። ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለ እዚያም ማማከር ይቻላል። እስኪሳካ ድረስ ድራት በመጣ ቁጥር 3 ሳምንት ሙሉ ዝጉባት። የድራቱ ደም ሲቀንስ «አለቀ» ብሎ የሚፈታት ብዙ ነው፤ ወንድ የምትቀበለው ግን በአብዛኛው ያኔ ነው።

ማምከን ክትባትን አይተካም። የእብድ ውሻ በሽታ ሰውን የሚይዘው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። ከእኛው ዞን አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ የቀሩት ጥቂት ቀይ ቀበሮዎችም ከትልልቅ ስጋቶቻቸው አንዱ ከባለቤት አልባና ካልተከተቡ ውሾች የሚተላለፍ በሽታ ነው። የተጣለችው ቡችላ ካደገች ከእነዚሁ ውሾች ጋር ትቀላቀላለች።

ቡችላ ልትወስዱ ያሰባችሁ፣ ሴቷን ውሰዱ። በ3 ወሯ አስከትቧት፤ የምትመክንበትንም ጊዜ በዚያው ቀን ከሐኪሙ ጋር ቁረጡ።