የላም ጡት ጠባቂዎች፦ ቫይታሚን ኢ እና ሴሊኒየም

የወተት ጥራት በአላቢው እጅና በዕቃው ንጽሕና ብቻ አይወሰንም። ላሟ ነጥፋ መውለጃዋን በምትጠብቅባቸው ሁለት ወራት ገደማ የምትመገበው መኖም ትልቅ ድርሻ አለው። በዚህ ወቅት ጡቷን ከሚጠብቁላት ንጥረ ነገሮች ቫይታሚን ኢ እና ሴሊኒየም የተባለው ማዕድን ግንባር ቀደም ናቸው።

ሁለቱም ከአንቲኦክሲዳንት ወገን ናቸው። የላሟ ሰውነት ከመኖ ኃይል ሲያመነጭ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ጎጂ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ የሴልን ቅባታማ ሽፋንም ያጠቃሉ። ቫይታሚን ኢ እዚያው ሽፋኑ ውስጥ ሆኖ ጉዳቱ እንዳይዛመት ይገታል። ሴሊኒየም ደግሞ በሴሉ ውስጥ ፐርኦክሳይድ የተባለውን ጎጂ ውህድ የሚያከሽፈው ኢንዛይም አካል ነው።

ጥቅማቸው ጎልቶ የሚታየው በጡት በሽታ ላይ ነው። ባክቴሪያ በጡቷ ጫፍ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ደርሰው ይውጡታል፤ የሚገድሉትም በእነዚያው ፍሪ ራዲካሎች ነው። መከላከያ ካነሳቸው ግን በራሳቸው መሣሪያ ይጎዳሉ፤ በሽታውም ይሰነብታል። በወተቱ ውስጥ የእነዚህ ሴሎች ቁጥር ሲያሻቅብ አይብ የሚሆነው ፕሮቲን ይቀንሳል፤ ወተቱም ቶሎ ይበላሻል። በአንድ ሚሊ ሊትር ከ200,000 በላይ ሴል መገኘቱ አብዛኛውን ጊዜ የጡት ሕመም ምልክት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለጥሬ የላም ወተት የፈቀደው ጣሪያ 400,000 ነው።

በአሜሪካ የኦሃዮ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት፣ በነጠፉበት ወቅት ቫይታሚን ኢ የተጨመረላቸው ላሞች ላይ በግልጽ የሚታይ የጡት በሽታ በ37 በመቶ ቀንሷል። ሴሊኒየምም አብረው ያገኙት ላሞች ሕመማቸው የቆየበት ጊዜ በ62 በመቶ አጥሯል።

ቫይታሚን ኢ ከመኖው አልፎ ወደ ወተቱ ቅባትም ይገባል። ቅባቱ በፀሐይ ብርሃን ወይም በመዳብ ዕቃ ምክንያት የካርቶን ጣዕም እንዳያመጣ ያዘገየዋል።

ለምለም ሣር በቫይታሚን ኢ የበለጸገ ነው። ሣሩ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ሲደርቅና ሲከማች ግን አብዛኛው ይጠፋል፤ በጭድና በአገዳ ውስጥ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ሴሊኒየም በአፈሩ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ ላሞቻቸውን ግቢ ውስጥ አስረው በድርቆሽ፣ በጭድ፣ በፉርሽካና በፋጉሎ ለሚያረቡ የአገራችን ከተሞች አርቢዎች ጉዳዩ ቅርብ ነው።

ይሁንና ሁለቱም ሲበዙ ይጎዳሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ለነጠፈች ላም በቀን ወደ 1,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት ቫይታሚን ኢ፣ በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ደግሞ 0.3 ሚሊ ግራም ሴሊኒየም መክሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት ግን በቀን 3,000 ዩኒት የተሰጣቸው ላሞች ይባሱኑ በጡት በሽታ መጠቃታቸውን አሳይቷል። ሴሊኒየምም መጠኑን ሲያልፍ መርዝ ነው።

ስለዚህ አርቢዎች ሆይ፣ ቫይታሚን ኢንም ሆነ ሴሊኒየምን በመርፌም ይሁን በመኖ ቅመም ያለ እንስሳት ሐኪም ምክር አትስጡ። በቅድሚያ የጋጣውን፣ የጡቱንና የእጃችሁን ንጽሕና ጠብቁ፤ ከተቻላችሁም ለነጠፈችው ላም ትኩስ ሣር ወይም አልፋልፋ አቅርቡላት። ዛሬ ወተት አትሰጥም ብላችሁ ከመኖዋ አትቀንሱባት፤ የነገው ወተት ጥራት መሠረቱ የሚጣለው በእነዚህ ሳምንታት ነው።