ወንበሩን ያልለቀቀ ሁሉ ሥራውን ይወዳል?

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ብርቅ አይደለም። በሽኝቱ ቀን ጋቢ ይለብሳል፣ ስለ ታማኝነቱም ይነገርለታል። የሥራ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ግን አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ የቆየው ወዶ ነው ወይስ መሄጃ አጥቶ?

የካናዳ ተመራማሪዎቹ ጆን ሜየርና ናታሊ አለን እ.ኤ.አ. በ1991 የሠራተኛን ቁርጠኝነት በሦስት ከፍለውታል። አንዱ ከልብ ነው፤ ሠራተኛው መሥሪያ ቤቱን «የኔ» ይለዋል። ሌላው ከስሌት ይመጣል፦ ብለቅ ጡረታዬስ? ሦስተኛው የውለታ ነው፤ አስተምሮኛልና ጥዬው ብሄድ ነውር ነው የሚል። ሦስቱም ሰውን ወንበሩ ላይ ያቆያሉ። ከታዘዘው አልፎ የሚሠራው ግን በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው። በስሌት ብቻ የቆየው ሰዓት ይፈርማል፣ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ይወጣል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለቃ ይህን ለመለወጥ በእጁ ያለው ጥቂት ነው። የሠራተኛው ደመወዝ በስኬል የተወሰነ ነው፤ ማባረሩም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ብዙው ወደ ቁጥጥር ያዘነብላል፦ የመግቢያና የመውጫ ፊርማ፣ ሳምንታዊ ሪፖርት፣ ሁሉም ደብዳቤ በእሱ ፊርማ እንዲወጣ ማድረግ።

ይህ አካሄድ ያዋጣ እንደሆነ ኢኮኖሚስቶቹ ኢምራን ራሱልና ዳንኤል ሮጀር በናይጄሪያ ፌዴራል መንግሥት ፈትሸውታል። ገለልተኛ መሐንዲሶች ቦታው ድረስ ሄደው ያዩዋቸውን ከ4,700 በላይ ፕሮጀክቶች ወሰዱ፤ የውኃ ጉድጓድ፣ መንገድ፣ የትምህርት ቤት ግንባታና የመሳሰሉት ናቸው። 38 በመቶዎቹ ጭራሽ አልተጀመሩም ነበር። ከዚያ በ63 መሥሪያ ቤቶች አመራሩ ምን እንደሚመስል ሠራተኞቹን ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት ተቆጣጣሪ አለቆችን የሚያስደስት አይደለም። ለሠራተኛው የመወሰን ነፃነት የሚሰጡት መሥሪያ ቤቶች ፕሮጀክቶቻቸውን በብዛት ጨርሰዋል፤ በማበረታቻና በክትትል የሚበረቱት ደግሞ ባነሰ መጠን።

ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ጉድጓዱ ሲቆፈር ዓለት ወጣ እንበል። ቦታ ለመቀየር ደብዳቤ ወደ ዋና ከተማ ከተላከ፣ መልሱ እስኪመጣ ተቋራጩ ማሽኑን ጭኖ ይሄዳል። እዚያው ያለው ባለሙያ መወሰን ቢችል ኖሮ በማግሥቱ ሌላ ቦታ ይቆፈር ነበር። በቁጥር የሚለካ ሥራም የሚለካውን ብቻ ወደ መሥራት ይገፋል። ቢፒአር፣ ቢኤስሲና «አንድ ለአምስት» የተባሉትን የአሠራር ማሻሻያዎች ያሳለፈ የኛ አገር ሠራተኛ ነጥብ ሲሞላ ያመሸበትን ቀን ያስታውሳልና ይህ አይደንቀውም።

የናይጄሪያው ጥናት ሙከራ አይደለም። ነፃነቱ የተሰጠው ሠራተኞቹ ቀድሞውንም ጎበዝ ስለሆኑ ይሆናል ብሎ መከራከር ይቻላል። ተመራማሪው ኒኮላ ቤሌ በአንድ የጣሊያን የሕዝብ ሆስፒታል ያደረገውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ግን ሙከራ ነው፤ የፈተነውም ነፃነትን ሳይሆን የሥራን ዓላማ ማሳየት የሚያመጣውን ለውጥ ነው። 138 ነርሶች በዕጣ ተከፋፍለው የቀዶ ሕክምና ዕቃዎችን እንዲያሽጉ ተደረገ። የአንዳንዶቹን ቡድኖች አባላት የነርሶች ኃላፊ ስለ ሥራው ዓላማ ለጥቂት ደቂቃ አነጋገሯቸው፤ ከእነዚህ አንዱ ቡድን በተጨማሪ የዕቃው ተጠቃሚ ከሚሆን ሰው ጋር ተገናኘ። ንግግሩን የሰሙት ካልሰሙት በልጠው ሠሩ፤ ተጠቃሚውን ያገኙት ደግሞ ይበልጥ።

እዚህ ላይ አዳራሽ ሞልቶ ስለ ራእይና ተልእኮ ለግማሽ ቀን ማውራት ይበቃል ብሎ የሚያስብ አለቃ እንዳይኖር እሰጋለሁ። የተጠቃሚውን ፊት ያየ ነርስ የሚያገኘውን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መፈክር አይሰጥም።

ነፃነት ሲባል ልቅ መተው አይደለም። ግዥና ገንዘብ ጥብቅ ቁጥጥር ይፈልጋሉ፤ ሙስና ባለበት አገር ደግሞ ይበልጥ። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ግን ኃላፊው ስብሰባ ላይ በሆኑ ቁጥር ባለጉዳዩን «ነገ ተመለስ» የምትለው ስንፍና ይዟት ላይሆን ይችላል፤ የትኛውን ጉዳይ በራሷ ፊርማ መጨረስ እንደምትችል የነገራት የለም።