የሚሰማ እንጂ የማይለይ ንግግር

የመስማት አቅማቸው የቀነሰ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ድምፁስ ይሰማኛል፤ የምትሉት ነው የማይለይልኝ» ይላሉ። ሰበብ አይደለም፤ ችግራቸውን በትክክል እየገለጹ ነው።

የንግግር ድምፆች እኩል ጉልበት የላቸውም። አናባቢዎች ጎላ ያሉና ወፍራም ናቸው። እንደ «ስ» ያሉ ተናባቢዎች ግን ደካማና ቀጭን ሲሆኑ፣ የ«ስ» ጉልበት በአብዛኛው ያለው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው። ኮክሊያ በሚባለው ጥምዝምዝ የውስጥ ጆሮ ክፍል፣ ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ህዋሳት ከመግቢያው አጠገብ፣ ወፍራሙን የሚቀበሉት ከመጨረሻው ጥግ ይገኛሉ። እርጅናና ከባድ ጩኸት ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚጎዱት የመግቢያውን ወገን ነው። በሰው ጆሮ ውስጥ እነዚህ ህዋሳት ከሞቱ አይተኩም። ስለዚህ «ሳለ»፣ «ጣለ»፣ «ቻለ» ሲባል ራብዕ ድምፁ ይሰማል፤ መነሻው «ሰ» ይሁን «ጠ» ወይም «ቸ» ግን ይሰወራል።

ጆሮ ያጣውን ዓይን ያግዛል። ሃሪ ማክገርክና ጆን ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት፣ «ባ» የሚል ድምፅ «ጋ» ከሚል አፍ ምስል ጋር ሲቀርብ ብዙዎች «ዳ» ብለው ሰምተዋል። ደህና የሚሰማውም ሰው ቢሆን በዓይኑ ጭምር ያዳምጣል ማለት ነው።

«በራ» እና «መራ» በከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ የ«ም» የአፍንጫ ድምፅ ወፍራም ስለሆነ ግን የተጎዳ ጆሮም ብዙ ጊዜ ይለየዋል። በአንጻሩ «በራ» እና «ደራ» ለዚያው ጆሮ ይመሳሰላሉ፤ በ«በ» ጊዜ ከንፈር ሲገጥም ግን ዓይን ይለያቸዋል። ሁለቱም ያልደረሱበትን አእምሮ ከዐረፍተ ነገሩ ይገምታል፤ ይህ ደግሞ ያደክማል።

የማዳመጫ መሣሪያ የጎደሉትን ቀጫጭን ድምፆች ለይቶ ያጎላል። ይሁንና የተጎዱትን ህዋሳት አይመልስም፤ ጫጫታ በበዛበት ቦታም የሌሎችን ወሬ አብሮ ያጎላል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥምዎ አይጩኹ። ጩኸት አናባቢውን ያገዝፋል እንጂ ቀጭኑን ተናባቢ አያጠራም፤ የከንፈርንም ቅርፅ ያዛባል። ፊትዎን ወደ ብርሃን መልሰው፣ አፍዎን ሳይሸፍኑ፣ ረጋ ብለው ይናገሩ። ካልገባቸው ያንኑ ቃል ከመደጋገም በሌላ ቃል ይግለጹት። ወላጅዎ ወይም ልጅዎ «አይለይልኝም» ካሉም የመስማት ምርመራ እንዲያደርጉ ይዘዋቸው ይሂዱ።