የ40 ዶላር መነጽርና የአንዲት ጥይት ዕድል

የእግር ኳሱን ጭቅጭቅ ለዛሬ እናቆየውና ትንሽ ወደ ጫካ ገባ እንበል። አዳኞች ዘንድ ከአርሴናልና ከማንቸስተር ክርክር የማይተናነስ አንድ የቆየ ሙግት አለ። ጠመንጃ ላይ የሚገጠመውን ማነጣጠሪያ መነጽር ርካሹን መግዛት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? አንዱ “በ40 ዶላር ገዝቼ ስንት ዓመት ግዳይ ጥዬበታለሁ” ብሎ ይምላል። ሌላው ደግሞ “ለመነጽሩ የጠመንጃህን ዋጋ ያህል ካልከፈልክ ቤትህ ተቀመጥ” ይለዋል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል።

ሙግቱ በተለይ የጦፈው አሜሪካ ነው። እዚያ አደን የባለጸጋ መዝናኛ ብቻ አይደለማ! በየዓመቱ የአደን ፈቃድ የሚያወጣው ሰው ከአስር ሚሊዮን በላይ ሲሆን አብዛኛው መኪና የሚጠግን፣ ቧንቧ የሚገጥም፣ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ተራ ሰው ነው። በመከር ወራት ጥቂት ቀን ፈቃድ ይወስዳል፣ ቢቀናው አንድ አጋዘን ይጥላል፣ ሥጋውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትቶ ክረምቱን ይበላል። ለዚህ ሰው የኦስትሪያውን ስዋሮቭስኪ ከ2 ሺህ ዶላር በላይ አውጥተህ ግዛ ማለት የቤት ኪራይህን አትክፈል እንደማለት ነው።

ደግሞስ ርካሽ መነጽር ሁሉ ቆሻሻ ነው የሚሉት ታሪኩን ዘንግተውታል። እስከ 1930 ድረስ (እ.ኤ.አ.) የጠመንጃ መነጽር ማለት በአብዛኛው ከጀርመን የሚመጣ የሀብታም ዕቃ ነበር። በዚያ ዓመት ዊሊያም ዊቨር የሚባል የ24 ዓመት አሜሪካዊ ወጣት በራሱ እጅ የሠራውን መነጽር ገበያ ላይ አወጣ። ዋጋው ከነማሰሪያው 19 ዶላር! ያ ዘመን የኢኮኖሚ ድቀቱ ሰውን ያንበረከከበት ጊዜ እንደነበር አንዘንጋ። ተራው አዳኝ በመነጽር ማነጣጠር የጀመረው በዚህ ርካሽ ዕቃ ነው። ስለዚህ “ርካሽ” የሚለው ቃል በራሱ ስድብ አይደለም።

የውድ መነጽር ደጋፊዎች በበኩላቸው የሚጠቅሱት ሌላ ታሪክ አላቸው። ኦሪጎን ውስጥ የቅየሳ መሣሪያ የሚሠራና የሚጠግን ሉፖልድ የሚባል የቤተሰብ ድርጅት ነበር። ከቤተሰቡ አንዱ ማርከስ ሉፖልድ አደን ወጥቶ አጋዘን ያገኛል። ያነጣጥራል። መነጽሩ ውስጥ ግን ጉም እንጂ አጋዘን የለም፤ እርጥበት ገብቶ ሌንሱን አልብሶታል። አጋዘኑ እብስ አለ። ሰውየው በንዴት ከዚህ የተሻለ እኔ እሠራለሁ ብሎ ተነሳ፤ ድርጅቱም በ1947 የመጀመሪያውን የአደን መነጽር አወጣ። በኋላም አየሩን ከውስጥ አስወጥቶ በምትኩ ደረቅ ናይትሮጂን ሞልቶ ማሸግ የሙያው ደንብ ሆነ። ዛሬ የ100 ዶላሩም መነጽር ሳይቀር “ናይትሮጂን የተሞላ” ተብሎ ይጻፍበታል። መጻፉ ቀላል ነው። ዋናው ጥያቄ ማሸጊያው ስንት ክረምት ይችላል የሚለው ነው።

አሁን ወደ ሆዱ እንግባ። ሰው ሱቅ ገብቶ መነጽር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ስንት እጥፍ ያጎላል?” ብሎ ነው። ሻጭ ይህንን ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህም በጣም ርካሾቹ ላይ ትልልቅ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ እስከ 24 እጥፍ የሚያጎላ፣ መብራት ያለው፣ ቀይና አረንጓዴ የሚያበራ፣ ሁሉ ነገር የተሟላለት! በ40 ዶላር ይህ ሁሉ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ገንዘቡ ማብለጭለጫው ላይ አልቆ ለዋናው ሥራ የቀረ ነገር የለም።

ዋናው ሥራ ደግሞ ማጉላት አይደለም። መነጽሩ ውስጥ ያለው መስቀለኛ መስመር ዛሬ ያስተካከላችሁበት ቦታ ላይ ነገም፣ ከመቶ ጥይት በኋላም መገኘቱ ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ ወደኋላ ይራገጣል። ትከሻችሁ ላይ የሚያርፈው ምት መነጽሩ ውስጥ ያሉትን ስስ ምንጮች፣ ሌንሶችና ትናንሽ ብሎኖች እኩል ይመታቸዋል። ደካማው መነጽር ውስጥ አንድ ነገር በፀጉር ስፋት ይንሸራተታል። በዓይን አይታይም። ምስሉ እንደድሮው ጥርት ብሎ ይታያል።

ሒሳቡን እንሥራው። መስመሩ የአንድ ዲግሪን አንድ ስድሳኛ ብቻ ቢስት 100 ሜትር ላይ ጥይቱ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ይስታል። ይህ ምንም አይደለም። አራት እጥፍ ቢንሸራተትስ? 100 ሜትር ላይ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር፣ 200 ሜትር ላይ ወደ 23 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የአንድ አጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ በጥቅሉ የምግብ ሳህን ያህል፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነው። መሐሉን አነጣጥራችሁ 23 ሳንቲ ሜትር ከሳታችሁ ጥይቱ ሆዱን ወይም ጭኑን ያገኛል። እንስሳው አይወድቅም። ሆዱን ተመትቶ ጫካ ይገባል፣ ለሰዓታት ምናልባትም ለቀናት ይሰቃያል፣ መጨረሻው የጅብ ራት መሆን ነው። ለዚህ ነው ይህ ሙግት የኪስ ጉዳይ ብቻ ያልሆነው። የ40 ዶላሩ መነጽር ፈጽሞ ቢስት ይሻል ነበር። ክፉ የሚሆነው ግማሽ ሲስት ነው።

የመስተዋቱ ጥራት ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ውዱና ርካሹ በቀን ብርሃን ብዙም አይለያዩም፤ ሱቅ ውስጥ አንስታችሁ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ታፔላ ብታነቡበት ሁለቱም ያነባሉ። ልዩነቱ የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። አጋዘን ደግሞ የሚወጣው በዚያው ሰዓት ነው! እዚህ ላይ ግን ኪሱ ለሳሳ ሰው መልካም ዜና አለ። የፊተኛው ሌንስ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መነጽር 9 እጥፍ ላይ ሲሆን ወደ ዓይን የሚልከው የብርሃን ክብ 4.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እሱኑ ወደ 4 እጥፍ ዝቅ ብታደርጉት ክቡ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሰው ዓይን ብሌን በጨለማ ቢከፈት ቢከፈት 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ያንሳል። ስለዚህ ሲጨላልም ማጉያውን ቀንሱ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርግና መነጽሩን ይረግማል።

ለመሆኑ ስንት እጥፍ ይበቃል? ጃክ ኦኮነር በአሜሪካ የአደን ጸሐፊዎች ዘንድ እንደ አባት የሚታይ ሰው ነበር (1902-1978)። የተራራ በግ አደን ላይ ዝናውን ያተረፈው በአብዛኛው 4 እጥፍ ብቻ በሚያጎላ፣ የማይለዋወጥ መነጽር ነው። ተራራ ላይ፣ ሩቅ! ታዲያ ከመቶ ሜትር ላላለፈ ተኩስ 24 እጥፍ የሚፈልገው አዳኝ ምን ሊያይበት ነው? ነገር ከተነሣ አይቀር፣ የኦሊምፒክ የጠመንጃ ተኩስ ተወዳዳሪዎች እኮ የሚያጎላ መነጽር ጨርሶ አይፈቀድላቸውም። 50 ሜትር ላይ ያለችውን ነጥብ በቀዳዳ ብቻ አይተው ነው የሚመቷት።

የኔ አስተያየት ይህ ነው። በ40ና በ50 ዶላር የሚሸጠው ለአየር ጠመንጃም ለቀለሃ ጠመንጃም “ይሆናል” የሚባለው ዕቃ ለአደን መግባት የለበትም፤ ለጣሳ መምቻ ይሁን። ከ150 እስከ 300 ዶላር አካባቢ ግን ነገሩ ይለወጣል። እንደ ቮርቴክስ፣ ቡሪስ፣ ሉፖልድ ያሉት ድርጅቶች በዚህ ዋጋ የሚያወጡት ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ ተራ መነጽር ለአብዛኛው አዳኝ ይበቃዋል፣ ያውም ተርፎት። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ የሚገዛው በዋናነት ያቺን የመጨረሻ ሩብ ሰዓት ብርሃን ነው። አቅም ላለው እሰየው ነው፤ ለሌለው ግን ግዴታ አይደለም።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። በርካሽነቱ ከሚረገመው መነጽር ብዙው ጥፋቱ የራሱ ሳይሆን የማሰሪያው ነው። ሰው 300 ዶላር መነጽር ላይ ያወጣና ከጠመንጃው ጋር የሚያገናኘውን ቀለበት በ10 ዶላር ይገዛል፤ ብሎኑንም ጠዋት ሊወጣ ሲል በካቻቢቴ ጠምዘዝ ጠምዘዝ አድርጎ ይሄዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ሌላው ስህተት ዓይንን ማስጠጋት ነው። ዓይንና መነጽር መሐል ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ይህንን ያላስተካከለ ሰው ሲተኩስ መነጽሩ ወደኋላ መጥቶ ቅንድቡን በግማሽ ጨረቃ ይፈርምለታል። አዳኞች እርስ በርስ ሲተያዩ በዚህ ጠባሳ ይሳሳቃሉ።

ነገሩ ለኛ ሩቅ የሚመስለው ካለ ወደ አርሲና ባሌ ደጋ ይመልከት። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ሳይንስ ያወቀውም ዘግይቶ ነው፤ እንግሊዛዊው ሻለቃ አይቮር ባክስተን በ1908 ገድሎ በወሰደው አማካይነት በ1910 ስም ወጣለት። ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። ቢሆንም ከብሔራዊ ፓርኩ ውጪ በተከለሉ የአደን ቀጠናዎች፣ በኮታና በፈቃድ፣ ያረጁ ወንዶቹን ለማደን የውጭ አገር ሰው ሲመጣ ኖሯል። የሚከፍለው በብዙ ሺህ ዶላር ነው። ቦታው ኮሶና ጥድ፣ ከፍ ሲል አስታ የሸፈነው ብርድና ጭጋግ ነው፤ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል። ማርከስ ሉፖልድን ያናደደው ዓይነት እርጥበት እዚያ በየጠዋቱ አለ። ተኩሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሸለቆ ማዶ ለማዶ ነው። በአፍሪካ የሳፋሪ አደን የተለመደው ደንብ የቆሰለ እንስሳ እንደተገደለ ይቆጠራል የሚል ነው። አዳኙ ቀንዱን ሳያገኝ ሒሳቡን ይከፍላል። እኛ ደግሞ ካሉን ጥቂቶች አንዱን እናጣለን።

ለዚህም ነው ልምድ ያለው መሪ እንግዳው የቱንም ያህል ውድ መነጽር ይዞ ቢመጣ በመጀመሪያው ቀን ወደ ጫካ የማያስገባው። ጠመንጃው በአውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ ተወርውሯል፣ በላንድክሩዘር ሲንገጫገጭ ውሏል። ካምፑ አጠገብ ካርቶን ላይ ክብ ይሠራና 100 ሜትር ተለክቶ ይቆማል። እንግዳው ሦስት ጥይት ይተኩሳል። መሪው ሄዶ ካርቶኑን ነቅሎ ያመጣል። መነጽሩ ስንት እንደተገዛ ማንም አይጠይቅም፤ ሁሉም የሚያየው ሦስቱን ቀዳዳዎች ነው።