ሠላሳን የተሻገረ ብጉር

«ስታገቢ ይጠፋል» ይሉኝ ነበር። አገባሁ፣ ወለድኩ፤ ብጉሩ ግን የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል አገጬና መንጋጋዬ ላይ ከች ይላል። የቆዳ ሐኪሜ ሆርሞን ነው አለችኝ፦ ቆዳው ቅባት ያበዛል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ያብጣል።

ማታ ፊቴን ታጥቤ ሲደርቅ፣ የአተር ፍሬ የምታህል አዳፓሊን 0.1 በመቶ የተባለ የብጉር መድኃኒት ፊቴን በሙሉ እቀባለሁ፤ ብጉሩን ብቻ መንካት ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ላይ ያቃጥላል፣ ይልጣል፤ ውጤቱ እስከ 12 ሳምንት ያስጠብቃል። ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ጠዋት የፀሐይ መከላከያ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ጥቁሩ ምልክት ከብጉሩ ይልቅ ይከርማልና። ቅቤ የተቀባሁ ቀን ግንባሬ ላይ እንዳይወርድ ሻሽ አስራለሁ።

ጎረቤቴ «ፊት ያጠራል» ብላ የሰጠችኝን ቱቦ ገልብጬ ሳነብ ክሎቤታሶል ይላል። ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ ለጊዜው ያለሰልሳል፣ ሲቆይ ራሱ ብጉር ያወጣል፣ ቆዳም ያሳሳል። መለስኩላት።