የቃላት ብዛትና የአንደበት ቅልጥፍና

ለእንግሊዝኛ የንግግር ፈተና በሚዘጋጁ ሰዎች መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የቆየ አንድ ወሬ አለ፤ ይኸውም ተፈታኙ ብዙ ሰው የማያውቃቸውን እንግዳ ቃላት ከዝርዝር ሸምድዶ በመልሱ መካከል ጣል ጣል ቢያደርግ፣ ፈታኙ በዕውቀቱ ተደንቆ ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጠዋል የሚል ነው። ወሬው ወሬ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን ዝርዝሩ በፎቶ ኮፒ እየተባዛ ስለሚሸጥና ትጉሃን ወጣቶች ከገንዘባቸው ይልቅ የከበረ ጊዜያቸውን በከንቱ ስለሚያፈሱበት፣ ነገሩን በዝምታ ማለፍ የሚገባ አይመስለንም።

ስለ ፈተናው ራሱ ብዙ ማለት አያሻም። አይልትስ የተባለውን ብንወስድ የንግግሩ ክፍል ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን ነጥቡም በአራት እኩል መስፈርቶች ይሰጣል፤ እነርሱም ቅልጥፍና ከሐሳብ ትስስር ጋር፣ የቃላት ሀብት፣ ሰዋስውና የድምፅ አወጣጥ ናቸው። እንግዲህ የቃላት ሀብት ከጠቅላላው ሩብ ብቻ ነው። በዚሁ ሩብ ውስጥም ያልተለመዱ ቃላት ዋጋ አላቸው፤ ይህን መካድ አይገባም፤ ነገር ግን ዋጋ የሚያገኙት በቦታቸው ሲገቡና ከተፈጥሮ ባልንጀሮቻቸው ጋር ሲነገሩ ነው። የጠፋበትን ቃል በሌላ አነጋገር አዙሮ የሚገልጽ ተፈታኝም በዚያው መስፈርት ይመሰገናል።

ወሬው የሚስተው ንግግር በአንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ካለማወቅ ነው። ሆላንዳዊው ሊቅ ቪለም ሌቨልት በ1989 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ እንደ ዘረዘረው፣ ተናጋሪ አስቀድሞ ሐሳቡን በኅሊናው ይፀንሳል፤ ቀጥሎ ለሐሳቡ የሚስማማውን ቃል ከነሰዋስዋዊ ጠባዩ ይመርጣል፤ ከዚያም የቃሉን ድምፆች በተራ ያሰልፋል፤ በመጨረሻም ምላስንና ከንፈርን ያዝዛል። ሰው የአንድን ተራ ዕቃ ሥዕል አይቶ ስሙን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለመጥራት እንኳ ከግማሽ ሰኮንድ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅበታል። እንዲህም ሆኖ በተለመደ ጭውውት በየሰኮንዱ ሁለት ሦስት ቃላት የሚፈሱት፣ የአንዱ ቃል ሥራ ሳይፈጸም የሚቀጥለው ስለሚጀመር ነው።

በዝርዝር ላይ ብቻ የተጠና ቃል ከዚህ ሰልፍ ውስጥ በቀላሉ አይገባም። ተማሪው ቃሉን አይቶ ትርጓሜውን ማወቅን ተለማምዷል፤ ፈተናው ግን ከሐሳብ ተነሥቶ ቃሉን ማግኘትን ይጠይቀዋል፤ የአንደኛው መንገድ መጠረግ ሁለተኛውን ሙሉ በሙሉ አይጠርገውም። ፈታኙ ስለ አንድ ጎረቤቱ እንዲናገር ሲጠይቀው፣ ተፈታኙ «ብዙ ወዳጆች አሉት» ለማለት በቀላሉ የሚመጣለትን ትቶ «ፕሌቶራ» የምትለውን ቃል ፍለጋ ይሄዳል፤ በፍለጋውም መካከል ዝም ይላል፣ የግሡን ጊዜ ይስታል፣ የሐሳቡም ክር ይበጠሳል። አንዲት ቃል ለማትረፍ ብሎ በሌሎቹ መስፈርቶች ይከስራል።

ታዲያ በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው ከዚህ ጭንቀት የሚድነው በምንድን ነው? አንድሩ ፖውሊና ፍራንሲስ ሳይደር በ1983 ባወጡት ጥናት እንደ ተከራከሩት፣ ባለ ቋንቋው አረፍተ ነገሩን ሁሉ ከነጠላ ቃላት አይገነባም፤ ብዙ የተዘጋጁ ሐረጎችን እንዳሉ ያነሣል። (ለእነዚህ ሐረጎች የሚሰጠው ስም ራሱ ሊቃውንቱን አላስማማም፤ አሊሰን ሬይ በ2002 ከ50 በላይ ስያሜዎችን ሰብስባ አሳይታለች፤ እኛ «ሐረግ» ብለን እናልፋለን።) እንግሊዝ ዝናቡን «ሄቪ ሬይን» ይለዋል፤ የእኛ ተማሪ ግን «ኃይለኛ ዝናብ» ከሚለው ልማዱ ተነሥቶ «ስትሮንግ ሬይን» ይላል። ሁለቱን ቃላት ለየብቻ አጥንቷል፤ ያላጠናው ዝምድናቸውን ነው።

በዚህ ስፍራ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሐረግ በአእምሮ ውስጥ እንደ አንድ ቃል ተጠቅልሎ ይቀመጣል ወይስ ክፍሎቹ ከልማድ ብዛት የተነሣ በፍጥነት ይገጣጠማሉ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ያከራክራል፤ ለተማሪው ግን ከሁለቱ የትኛውም እውነት ቢሆን ምክሩ አይለወጥም፤ ሐረጉን በሙሉው ይልመደው።

አለማመዱን በሚመለከት ጄፍሪ ካርፒኪና ሄንሪ ሮዲገር በ2008 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ሙከራ እጅግ አስተማሪ ነው። የአሜሪካ ተማሪዎች «ማሹዋ ማለት ጀልባ ነው» እንደሚለው ያሉ 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከነትርጓሜያቸው አጠኑ። አንድ ጊዜ በትክክል ያስታወሱትን ቃል እንደገና በቃላቸው እንዲያወጡ መጠየቃቸው የቀጠለ ከሳምንት በኋላ 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ፤ ጥያቄው የቀረባቸው ግን፣ ቃሉን ደጋግመው ቢያነቡትም እንኳ፣ ከ40 በመቶ በታች ቀሩ። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው ሲገምቱ የሁሉም ግምት ግማሽ ያህል መሆኑ ነው፤ ሰው የራሱን ትምህርት ጥንካሬ በስሜቱ አይለካምና። በእርግጥ ሙከራው የነጠላ ቃላት ትርጓሜ እንጂ የንግግር ፈተና አልነበረም፤ ስለዚህ ወደ አንደበት ስናሻግረው በመጠኑ ሊሆን ይገባል።

የአገራችን የቅኔ ቤት መምህራን ይህን ከቃል የማውጣት ሥርዐት ከላቦራቶሪ በፊት በተግባር ይዘውት ኖረዋል። ደቀ መዝሙሩ ግሡን በቃሉ ያጠናል፤ ግሥ በማጥናት ብቻ ግን ባለ ቅኔ የተባለ የለም። ጉባኤ ቃና ከተባለችው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ጀምሮ በየዕለቱ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የግሡ ዝርዝር መነሻ ነው፤ ዕውቀት የሚሆነው ከደቀ መዝሙሩ አፍ አዲስ ሆኖ ሲወጣ ነው።

የንግግር ተፈታኝም እንዲሁ ያድርግ። ስለ ቤተ ሰብ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ጉዞና ስለ ጤና በዕለት ኑሮ የሚነገሩ ጥቂት ሐረጎችን ይምረጥ፤ ደብተሩን ዘግቶ በእያንዳንዱ ርእስ ሁለት ደቂቃ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገር፤ በነገው፣ ከዚያም ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ከዚያም በሳምንቱ፣ ደብተሩን ሳይገልጥ ይመለስባቸው፤ ቢቻል የሚያርመው ሰው ፊቱ ይቀመጥ። ሙሉ መልስ ሸምድዶ መግባትን ግን ይተው፤ ፈታኞች የተሸመደደ ንግግር እንዲለዩ የሠለጠኑ ናቸውና። በተናገረ ቁጥር የሚጠፋበትን ሐረግ ይመዝግብ፤ የሚጎድለውን የሚነግረው፣ ማንም ካዘጋጀለት የሺህ ቃላት ዝርዝር ይልቅ፣ ይህ በገዛ እጁ የተጻፈ አጭር መዝገብ ነው።